የሚካኤል ጥሩርና የቪላው ፈረሰኛ

ሴቲሚዮ በሕይወቱ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ እጁና ትከሻው። እጁን ያገኘው ከመምህሩ ከጋስፔሮ ነው፤ ትከሻውን ከአባቱ። የቀረውን ሁሉ፣ ሳሉንም ጭምር፣ የሰጠው የገዛ ወናፉ ነው።

ስለ እጁ እንጀምር። ሴቲሚዮ የጥንት የጦር ልብስ ጠጋኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከፊሬንዜ ከተማ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ገንዘብ የተረፈው ሰው ሁሉ ቪላ እየገዛ፣ ቪላውን ከሞቱ አራት መቶ ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ዕቃ መሙላት ይዞ ነበር። የመኳንንት አልጋ፣ የሙሽራ ሣጥን፣ በወርቅ ቅብ የተሳለች ማርያም፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የራስ ቁር፣ የተገኘው ሁሉ ይሰበሰባል። ችግሩ የጥንት ጦረኛ ልብስ ሙሉ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። አንዱ ክንድ የለውም፣ የሌላውን ጉልበት ዝገት በልቶታል። የጎደለውን ቀጥቅጦ፣ አዲሱን ከአሮጌው አመሳስሎ ማቆም የሴቲሚዮ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ሌባ ለመሆን ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። የሙያ ጓደኞቹ ዝም ብለው ከበሩ። እሱ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ገና ተማሪ ሳለ የሰማውን ይዞ ቀረ።

«ዓይንን አታልል» ይለው ነበር ጋስፔሮ። «ዓይን መታለል ይወዳል፤ የሚከፍሉህም ለዚያ ነው። እጅን ግን እንዳታታልል፣ አደራ! አምሳያ ስትሠራ ከዋናው አክብደው። ያየው ባያውቅ ያነሳው ይወቅ።»

ስለዚህ ከሴቲሚዮ ቤት የወጣ አምሳያ ሁሉ ከዋናው ይከብዳል። ነጋዴዎቹ ይስቁበት ነበር፤ እሱም መሳቃቸውን ያውቃል፤ ግድ አልሰጠውም።

ትከሻው ደግሞ የሚካኤል ነበር። የፒያንቤሎ መንደር ቅዱስ ሚካኤል ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ ልብሱ ግን ከራስ ቁሩ እስከ ቅልጥሙ እውነተኛ ብረት ነው። ከጦርነት በሕይወት የተመለሰ የጦር አለቃ ከገላው አውልቆ ለመልአኩ ሰጠው ይባላል። በየዓመቱ ወይኑ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ በበዓሉ ቀን፣ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከድልድዩ ሥር ካለችው ጸሎት ቤት እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ያወጡታል። መንገዱ ዳገት ነው፤ መልአኩ ደግሞ መንገድ ላይ መሬት ነክቶ አያውቅም። ሲደክማቸው እንኳ ባላ ተክለው ያሳርፉታል እንጂ አያወርዱትም። የሴቲሚዮ አባት የኋላውን የግራ ጫፍ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ፣ ሲሞት ቦታውንና የትከሻ ትራሱን ለልጁ ተወለት። ትራሷ ከዕድሜ ብዛት ሳስታ ቆዳዋ ብቻ ቀርቷል። ሴቲሚዮም በዚያችው ሃያ ስድስት ዓመት ተሸከመ። ከጎኑ የቀኙን ጫፍ የሚይዘው የሚስቱ የዞራይዴ ወንድም ኦሊንቶ ነው፤ ጋሪ ነጂ፣ ቀልደኛ፣ የሚካኤል ማኅበር አለቃ።

ከመንደሩ በላይ ባለው ቪላ ካቫሊዬር ጊላርዲ የሚባል በሐር ንግድ የከበረ ሰው ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባዶ ግድግዳ ካየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ደረጃውን በጦርና በጎራዴ ሞላው፤ መመገቢያ ቤቱን ደግሞ ዓይናቸው ሰው በሚከተል የድሮ መኳንንት ሥዕል፣ እንግዳ ሾርባውን መዋጥ እስኪያፍር ድረስ። በትልቁ አዳራሽ አሥር የእንጨት ፈረሶች አቁሞ፣ በዘጠኙ ላይ ሙሉ የብረት ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች አስቀመጠ። የአሥረኛው ኮርቻ ባዶ ነበር። ያ ባዶ ኮርቻ ለካቫሊዬር በዓይን እንደገባ ጉድፍ ሆነበት። አንድ በዓል ከበረንዳው ላይ ሆኖ ሚካኤል ሲያልፍ አየ። በዚያው ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ፤ ቄሱ አባ ፊደንዚዮ፣ ኦሊንቶና ሴቲሚዮ ገና ላባቸውን እየጠረጉ ነበር።

«አባ፣ ይህን የብረት ልብስ ይሽጡልኝ» አለ።

«መልአኩን ራቁቱን ላስቀረው ነው?»

«ሐር አለብሰዋለሁ። የሚያምር ሐር!»

«እንግዲህ ሰይጣንን በመሀረብ ሊገርፈው ነው» አለ ኦሊንቶ። ከካቫሊዬር በቀር ሁሉም ሳቁ።

ያን ጊዜ ሴቲሚዮ አፉን ከፈተ፤ ምነው ባልከፈተው! «ጌታዬ፣ አምሳያውን እኔ እሠራልዎታለሁ። ቆመው ቢያዩት፣ ዞረው ቢያዩት አይለዩትም። ዋናው ግን ከመልአኩ አይለይ።»

ካቫሊዬር ቅር እያለው ተስማማ። አምሳያው እስኪሠራ ግን ዋናው ለብርዱ ወራት ሴቲሚዮ ቤት መክረም አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ማኅበሩ ባቄላ መጣል ነበረበት። የማኅበሩ ሕግ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕድሜ ብዙም አይተናነስም። ለእያንዳንዱ ወንድም ሁለት ባቄላ ይሰጠዋል፤ ጥቁሩ እሺ ነው፣ ነጩ እምቢ። የፈለገውን ከረጢቱ ውስጥ ይጨምራል፣ የቀረውን ቤቱ ያስቀምጣል። የታመመ ካለ ከቤተሰቡ አንዱ ባቄላውን በበሽተኛው ሻርፕ ጠቅልሎ ያመጣለታል። ሌላ ጉዳይ በብዙኃኑ ያልፋል፤ የመልአኩ ንብረት ከሆነ ግን አንዲት ነጭ ከተገኘች ነገሩ ወደቀ። ወንድሞች ሠላሳ አንድ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲያመነቱ ሴቲሚዮ ተነሣና እጁን በሚካኤል የብረት ጥሩር ደረት ላይ ጫነ።

«ይህ ብረት ወደ ቦታው ሳይመለስ ቢቀር፣ ትከሻዬ ሁለተኛ ከሚካኤል ቃሬዛ ሥር አይግባ!»

ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከረጢቱ ሲገለበጥ ሠላሳ አንዱም ጥቁር ሆኖ ተገኘ።

ሴቲሚዮ እንደዚያ ብርድ ወራት ሠርቶ አያውቅም። በዋናው ደረት ላይ ጦር የጫረው ረጅም ጭረት አለ፤ እሱን ለማምጣት ሦስት ሞረድ ጨረሰ። ዝገቱን በኮምጣጤና በጨው እያበቀለ፣ በአመድ እያሸ፣ አራት መቶ ዓመት የሚወስደውን በአራት ወር አረጀው። ክብደቱን ግን እንደ መምህሩ ቃል ከዋናው በግማሽ አስበለጠው። ሲያልቅ ኦሊንቶ መጣና ሁለቱን እያፈራረቀ አነሣቸው።

«ይሄስ በሬ ነው! ማነው የሚሸከመው?»

«የቪላው ነው። የእንጨት ፈረስ ወገቤን አይልም።»

«ያኛውን እኮ በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። ሆን ብለህ ነዋ?»

«ሆን ብዬ ነው። ያነሳው እንዲያውቅ።»

«አንተና ሟቹ ጋስፔሮ! ሰው ለገንዘብ ብሎ ሲያታልል እናንተ ሚዛን ትቆጥራላችሁ» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር ወደቀ። በረዶው ከብዶት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ወደቀ፤ የሳምባ ምች ይዞት ሴቲሚዮ ወደቀ። ሦስት ሳምንት ራሱን አላወቀም፤ አባ ፊደንዚዮ ለሞት የቀረበ ሰው የሚቀባውን የመጨረሻውን ቅባት ሳይቀር ቀብተውታል። ዓይኑን ሲገልጥ አንጥረኛ ቤቱ ባዶ ነበር።

«ብረቶቹስ?» አለ።

«ኦሊንቶ በጋሪ ወሰዳቸው። ሁለቱም በየቦታቸው ገብተዋል፤ ተኛ» አለችው ዞራይዴ።

«ከባዱን ወደ ቪላው?»

«ከባዱን ወደ ቪላው» አለች፣ ከድስቱ ቀና ሳትል።

ከሕመሙ ሲነሣ ያገኘው ሁሉ መልካም ነበር። ካቫሊዬር ልኮ አስጠራውና የቪላው የጦር ዕቃ ሁሉ ጠባቂ አደረገው፤ ከጭስ የራቀ፣ ምድጃ ያለው ክፍል ሰጠው። የቤተ ክርስቲያኑም ጣሪያ በካቫሊዬር ወጪ መሠራት ጀመረ። «በአምሳያው ተደስቶ ነው» ሲሉት ሴቲሚዮ አመነ፤ ለምን አያምንም? በእጁ ሥራ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አገኘች ማለት ነው። አሥረኛው ፈረስ ባለቤት አግኝቶ ከአዳራሹ ጫፍ ከፍ ካለ መደብ ላይ ቆሟል። ካቫሊዬር «እሱን ለጊዜው አትንካው፣ እንግዶች ይመጣሉ» ብሎ ፎቅ ላይ ወዳሉት ጎራዴዎች ሰደደው። ሴቲሚዮ ከመደቡ ሥር ቆሞ ሽቅብ አየ፣ አየና ሳቅ አመለጠው።

«እኔ ራሴ እኮ አልለየውም!» አለ ማታ ለሚስቱ። «ዞራይዴ፣ እኔው ራሴ!»

ዞራይዴ ዶሮዎቹን ላስገባ ብላ ወጣች።

በዓሉ ሲቃረብ አራት የትከሻ ትራስ ስትሰፋ አገኛት። ሱፉ ከመብዛቱ የተነሣ እያንዳንዱ የተነፋ ዳቦ ያክላል።

«ይሄ ሁሉ ለመልአክ ነው ወይስ ወፍጮ ልንሸከም ነው?»

«ታመህ ነበር። አጥንትህ ወጥቷል።»

«ለሦስቱ ስጪያቸው። እኔ የአባቴን ትቼ?»

«ይሄን ዓመት ብቻ። እባክህ ሴቲሚዮ፣ ይሄን ዓመት ብቻ።»

ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ለምናው አታውቅም ነበር። ሴቲሚዮ ግን ስለ ጤናው መሰለውና ግንባሯን ስሞ፣ የአባቱን ትራስ ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

መልአኩን የሚያለብሱት ቄሱና የማኅበሩ አለቃ ብቻ ናቸው፣ ያውም ከመጋረጃ ጀርባ። ስለዚህ ሴቲሚዮ ሚካኤልን ያየው እንደ ሌላው ሰው ለብሶ፣ ጦሩን ጨብጦ፣ አበባ ተደርድሮለት ነው። ጭረቷን ደረቱ ላይ አያት። እንኳን ተመለስክ አለው በልቡ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሚካኤል!» ሲባል አራቱም ተነሡ። ሸክሙ ሴቲሚዮን ቁልቁል ተጫነው። በሽታው ነው አለ፤ አፈረና ጥርሱን ነከሰ። ከምንጩ አጠገብ ባለው መታጠፊያ ግን መልአኩ ተወዛወዘ። በሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ተወዛውዞ አያውቅም፤ ከላይ ካልከበደው በቀር ምን ያወዛውዘዋል? ድምፁም ሌላ ነበር። የሚካኤል ብረት ሲሄዱ እንደ ማንኪያ ይንኳኳል፤ ይሄኛው እንደ ድስት ክዳን ነው። ለማረፍ ባላ ሲተክሉ ሴቲሚዮ እጁን ሰደደና የመልአኩን የጭን ብረት በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገው። መልሶ ለቀቀው። ያንን ብረት አራት ወር ሲቀጠቅጠው ነው የከረመው።

መጀመሪያ ያዘነው ለኦሊንቶ ነበር። ምስኪን፣ ጋሪው ላይ ተምታቶበት ነው።

«ኦሊንቶ» አለ በሹክሹክታ። «ጉድ ሆነናል። ተሳስተህ የቪላውን ነው ያለበስከው።»

ኦሊንቶ አልዞረም። «ተሸከም ሴቲሚዮ። ሰው እያየ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ነው የኦሊንቶን ትከሻ ያየው። አዲሱ ትራስ አለ። የፊተኞቹንም አየ፤ ሁለቱም ላይ አለ። ሦስቱም ሸክሙ እንደሚከብድ አውቀው ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ከመንገዱ ዳር፣ ሻማ ከያዙት ሴቶች መካከል ዞራይዴን ፈለጋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሴቲሚዮ በዚያች ቅጽበት አንዱ ፈረስ ብቻ ሳይሆን ጋጣው ሁሉ ጣለው።

መሐላው ትዝ አለው። ትከሻው እዚያ ሥር መግባት አልነበረበትም፣ ግን ገብቷል፤ መልአኩን ደግሞ መንገድ ላይ መጣል አይቻልም። ቀሪውን ዳገት እንደማለ፣ መሐላውንም እንዳፈረሰ ሆኖ ወጣው። በአባቱ ስስ ቆዳ ሥር ትከሻው ሲላጥ ይሰማው ነበር። አዲሱ ጣሪያ ሥር ሲደርሱ ቃሬዛውን አስቀመጠና ማንንም ሳያናግር ወደ ቤቱ ወረደ። ዞራይዴ ተከትላው ገባች።

«ማን ወሰነ?» አላት።

«ማኅበሩ። ጣሪያው ወድቆ ሰው በዝናብ ሲያስቀድስ ከረመ። ካቫሊዬር ዋናውን ስጡኝ፣ ጣሪያውን ልሥራ አለ። ባቄላ ጣሉ።»

«አንዲት ነጭ ካለች ይወድቃል እኮ። ሠላሳው ጥቁር ይጣል። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። የኔስ?»

ዞራይዴ መቀመጫ ፈለገች። «በሻርፕህ ጠቅልዬ ወሰድኩት» አለች።

ሴቲሚዮ ወንበሩን ይዞ ቆመ።

«ተቀብተህ ነበር! ሞቷል ብለው ሣጥን ሊለኩ ነበር! ኦሊንቶ መጣና፣ ካቫሊዬር ሙቅ ክፍል ይሰጠዋል፣ ከጭሱ ይወጣል አለኝ። ከብረትና ከባሌ ባሌን መረጥኩ። ሌላ ሴት ምን ታደርግ ነበር?»

«ክፍሉ... ሥራው... » አለ። «ስለ እጄ አልነበረም?»

እሷ ስታለቅስ መልሱን አገኘ። ከሁሉም ያ መልስ ነው የወጋው። መታለሉን ምናልባት ይችለው ነበር፤ በመታለሉ ሁለት ወር ሙሉ መኩራቱን ግን አልቻለውም። እኔ ራሴ አልለየውም እያለ የሳቀው ሳቅ አሁን ጆሮው ላይ ይጮህበት ጀመር።

«ነጩ የት አለ?»

ከክር ሣጥኑ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው።

ወንድሞቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው ክፍል ለበዓሉ ምሳ ተቀምጠዋል፤ የተጠበሰ በግ ቀርቧል፣ ወይን ተቀድቷል። ሴቲሚዮ ገባና በቀጥታ ወደ ኦሊንቶ ሄዶ ነጯን ባቄላ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«የኔ ይሄ ነው። ቁጠሩት።»

ኦሊንቶ ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «ሴቲሚዮ፣ ነገሩ አልቋል እኮ። ጣሪያው ተሠርቷል፣ ይኸው።»

«ቁጠሩት።»

«ብንነግርህ እምቢ ትል ነበር!»

«አዎ፣ እል ነበር። ሰው የሚጠየቀው ለዚሁ አይደል?»

«ልጄ፣» አሉ አባ ፊደንዚዮ፣ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው የተደረገው።»

«አባ፣ እኔ በማን ፊት ነው የማልኩት?»

ከሠላሳው አንድም ሰው ባቄላዋን አልነካም። ሴቲሚዮ ትንሽ ጠበቀ፤ ምናልባት አንዱ ይነሣል ብሎ። ማንም አልተነሣም። የአባቱን ትራስ ከባቄላዋ ጎን አኖረና ወጣ።

የቪላውን ክፍል መለሰ፤ ወደ ጭሱ፣ ወደ ሳሉ ተመለሰ። ከዞራይዴ ጋር አንድ ገበታ መብላቱን አልተወም፤ ነገር ግን እስኪሞት ድረስ ልብሱ ሲቀደድ ከጎረቤት መርፌ ለምኖ ራሱ ይሰፋል እንጂ ለእሷ አይሰጣትም። አንዴ ብቻ «ሞተህ ቢሆን ይሻልህ ነበር?» ብላ ጮኸችበት። «አላውቅም» አላት፣ እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዘይትና ጨርቅ ይዞ ወደ ቪላው ይወጣል። ካቫሊዬር ዕቃ መሰብሰብ እንጂ መጠበቅ አያውቅበትም፤ አገልጋዮቹ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ ሴቲሚዮ አይቷል። ሴቲሚዮ መደቡ ላይ ወጥቶ አሥረኛውን ፈረሰኛ ብቻ ዘይት ይቀባና ይወርዳል። ዘጠኙን ዞር ብሎ አያያቸውም።

በዓመቱ ሚካኤል ሲወጣ ሴቲሚዮ ከምንጩ አጠገብ ሰው መሃል ቆሟል። በእሱ ቦታ የገባው የዳቦ ጋጋሪው ወንድም ነው፤ ትከሻው ላይ ወፍራም ትራስ አለ። መልአኩ መታጠፊያው ላይ ተወዛወዘ፤ ሕዝቡ ሁሉ ቆቡን አወለቀ። ሴቲሚዮም እጁን ወደ ቆቡ አነሣ። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለችውን ጭረት አየና፣ ሦስት ሞረድ የጨረሰባትን፣ እጁን መለሰ። ለገዛ ሥራው ቆብ የሚያወልቅ አንጥረኛ የለም። ከአጠገቡ የነበሩት አዩት፤ «ይሄ ከሐዲ» ሲል አንድ ሽማግሌን ሰማ። ባቄላውን ጥቁር የጣለ ሽማግሌ ነበር።

ሰልፉ እስኪያልፍ ቆየና በአቋራጩ ወደ ቪላው ወጣ። ከአሥሩ ፈረሰኞች በቀር አዳራሹ ባዶ ነበር። ከበሩ ላይ ቆቡን አወለቀና ገባ።